ጀልባዋ ለቀለም ስትሄድ

«አባባ ከደወሉልሽ ስለ ሎጁ ትንፍሽ እንዳትዪ። ለቀለም ነው የምትሄደው ብያቸዋለሁ» አለ ወንድሟ ከወጥ ቤቱ መስኮት ስር ቆሞ። የሚያወራው ከሚስቱ ጋር በስልክ ነው። መስኮቱ ክፍት መሆኑን አላስተዋለም፤ እህቱ ከውስጥ የሻይ ብርጭቆ እያጠበች መሆኗንም አላስተዋለም። እሷን ማስተዋል በዚያ ቤት ልማድ ሆኖ አያውቅም። ዕድሜዋ አርባን ሊደፍን ጥቂት የቀረውን ሴት ዛሬም «ትንሿ» ነው የሚሏት፤ ስሟን የሚጠራት የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ኃላፊ ብቻ ነው፤ እሱም ሲቆጣት። ቧንቧውን ዘጋችና ጆሮዋን አቆመች። «ሣሩ ላይ ነው የሚያስቀምጧት» ይላል ወንድሟ። «ወለሏን በስተው አፈር ይሞሉና አበባ ይተክሉባታል። የሎጁ ባለቤት ፎቶዋን አይቶ አበደ። የሎጁን የመጋረጃ ሥራ ከእኔ ሌላ ለማንም አይሰጥም፣ ግድ የለሽም። እሳቸው? ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን። ምን ያስቸኩለናል?»

ጀልባዋ የአባቷ ናት። ሐይቁን ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር ሰውና ዕቃ ሲያመላልሱባት የኖሩ፣ ሁለቱን ልጆች ያስተማሩባት፣ እናታቸው ስታርፍ ሦስት ቀን ሙሉ ውስጧ ገብተው የተቀመጡባት ጀልባ ናት። እውነቱን ለመናገር ዓይናቸው ደክሟል። ያለፈው ወር ወደብ ሲጠጉ ከድንጋዩ ጋር ተጋጭተው ተሳፋሪዎቹን ሁሉ አስጩኸዋል፤ «ድንጋዩ ከቦታው ተንቀሳቅሷል» ብለው ድርቅ አሉ። ያን ማታ ወንድሟ ዘንድ ደውላ «እባክህ አንድ ነገር አድርግ፣ ሰው ይዘው ከመስመጣቸው በፊት» ያለችው ራሷ ናት። ይኸው፣ አንድ ነገር ማድረጉ ነው። አበባ ሊያስተክልባት።

ግቢው ውስጥ መኪናዋ ቆማለች። ከትልልቆቹ ጂፖች አነስ፣ ከተራው የቤት መኪና ከፍ የምትል፣ ወንበሯ ቡናማ ቆዳ፣ ዳሽቦርዷ ላይ የእንጨት ጌጥ ያላት አዲስ ቅንጡ መኪና ናት። ወንድሟ እጁን ሳያብስ በሯን አይነካም። ከኋላዋ በኪራይ የመጣ ተሳቢ ታስሯል፤ ጠዋት የጎረቤት ጎረምሶች ጀልባዋን እየጮኹ ተሸክመው ጭነውበታል። አባትየው እንደ ሙሽራ ለብሰዋል። ንጹሕ ኮት፣ የተወለወለ ጫማ። ከነጋ ጀምሮ የሚያወሩት ስለ ቀለም ነው፤ ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ነጭ፣ በመሃል አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር። ቀለም ቀቢው ማን እንደሆነ፣ የት ሠርቶ እንደሚያውቅ፣ ስንት ጊዜ እንደሚደርብ ልጃቸውን ይጠይቁታል። ልጃቸውም «ጎበዝ ሰው ነው አባባ፣ አያስቡ» እያለ የተሳቢውን ገመድ የማጥበቅ ሥራ ያገኛል። ገመዱ ከመጥበቁ ብዛት ሊበጠስ ደርሷል።

ችግሩ የመጣው ዕቃው ላይ ነው። አባትየው ሞተሩን፣ መልህቁን ከነሰንሰለቱ፣ ሁለት ሙሉ ጀሪካን ነዳጅና የመፍቻ ሳጥናቸውን ካልጫንኩ አሉ። «ለቀለም እኮ ነው አባባ፣ መልህቅ ምን ያደርጋል?» ቢላቸው፣ «ቀለሟ ሲደርቅ ውሃ ላይ ሳልሞክራት ልረከብ ነው እንዴ? ምን ነካህ?» ብለው አፈጠጡበት። ዋሽቶ ራሱን ያሰረ ሰው ጀሪካን መሸከም ግድ ይሆንበታል። መጀመሪያ ዕቃውን ከጀልባዋ ፊት በኩል ሲያስቀምጡት የመኪናዋ ኋላ ቁጢጥ አለ። ወንድሟ የራሱ ወገብ የተቆረጠ ይመስል ፊቱ ጨፈገገ። አባትየውም በፊናቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወደ ኋላ ነው እንጂ! ጀልባ አፍንጫዋ ቀና ካላለ ውሃውን በምን ትሰነጥቃለች? ሞተሩን ከኋላው ላይ ስቀልልኝ፣ የቀረውን ከሥሩ ደርድረው።» ሁሉም ወደ ኋላ ሄደ። የጀልባዋ አፍንጫ ቀና አለ፣ የመኪናዋም ኋላ ከፍ አለ፤ ጠዋት ከፋብሪካ የወጣች መሰለች። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩአት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ትንሿ ሻይ ይዛላቸው ወጥታ ይህን ስታይ ልቧ ተከፈለ።

መነጽራቸውን ፍለጋ ወደ መኝታ ቤት ሲገቡ ተከትላቸው ገባች። ክፍሉ የናፍጣና የሳሙና ሽታ አለው። አልጋው ተነጥፏል፣ ራስጌው ላይ የታጠፈ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ተቀምጧል፤ ከሰደርያ ይልቅ ለትራስነት ነው የሚጠቀሙበት። መነጽሩ ዓይናቸው ሥር ነበር፣ አላዩትም። አንስታ ሰጠቻቸው።

«አባባ…»

«ወንድምሽን ታዝበሽዋል?» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ እኮ ሥራዬን የሚንቅ ይመስለኝ ነበር። በእንዲያች ያለች መኪና ጀልባዬን ልጎትት ብሎ ሲመጣ ዛሬ ምን ተሰማኝ መሰለሽ!» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ልትለው የመጣችውን ትታ ኮታቸው ላይ ያለውን ክር ለቀመችላቸው።

መንገድ ሲጀምሩ ወንድሟ የፊት ወንበር ላይ አሮጌ አንሶላ አነጠፈ። «ቆዳው እንዳይሞቅዎት ነው» አለ። አባትየው አመስግነው ተቀመጡ። ትንሿ ከኋላ ሆና አንሶላውን ስታይ ሆድ ባሳት፤ ለእሳቸው ሳይሆን ለቆዳው ታስቦ እንደተነጠፈ አልጠፋትም። እሁድ ስለሆነ ጎዳናው ጭር ብሏል። ሱቆቹ ግማሽ በራቸውን ከፍተዋል፣ አንዲት ሴት የእግረኛ መንገዱን እየጠረገች ውሃ ትረጫለች፣ ከፎቅ በረንዳዎች ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። ጀልባዋ በሰዎች ደጅ ስታልፍ ልጆች እየሮጡ ይከተሏታል፤ አባትየው መስኮቱን ዝቅ አድርገው እንደ ባለሥልጣን እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ነዳጅ ማደያው ጋ ቀጂው መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ «ይቺ ቆንጆ ይሄን ሁሉ ትችለዋለች?» አለ። ወንድሟ የጠበቀው ጥያቄ ነበር። «ከሁለት ቶን በላይ ትጎትታለች ወንድሜ። ሞተሯን አትናቀው። ጀልባዋ ከነዕቃዋ ግማሹን አትሞላም።» ቀጂው «እሱስ ነው፣ ግን ኪስህን ትጠጣዋለች» ብሎ ሳቀ። አባትየውም ሳቁ። ትንሿ ብቻ አልሳቀችም።

ከከተማው ወጥቶ ሐይቁን የሚዞረው መንገድ ኮረብታውን ቆርጦ ያልፋል። በአንድ በኩል ግድግዳ የመሰለ አለት ነው፣ በሌላው ገደል፤ ከታች ሐይቁ ይታያል። ሽቅቡን መኪናዋ ምንም ሳይመስላት ወጣችው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ወንድሟ ወሬ ይዞ ነበር፤ ስለ መኪናዋ ጸጥታ እያስረዳ፣ ፍጥነቱም ሳይታወቀው ጨመረ። መጀመሪያ ትንሿ ራሷን ያዞራት መሰላት። ወንበሩ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ወሰድ አደረጋት። ዞር ብላ ስታይ ጀልባዋ ከኋላቸው ጭራዋን እየቆላች ነው። አንዴ የገደሉን ጫፍ ታያለች፣ አንዴ አለቱን። «ወንድም ጋሼ!» ብላ ጮኸች። እሱም ደንግጦ ፍሬን ረገጠ፤ ይሄኔ ባሰ። የመኪናዋ ኋላ እንደ ሕፃን እጅ ወዲያና ወዲህ ይጎተት ጀመር፣ ጎማው ጮኸ፣ አባትየው ሁለት እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ተክለው የእናቷን ስም ጠሩ። እንዴት እንደቆሙ ማናቸውም አያውቁም። መኪናዋ ጠጠሩ ላይ ወጥታ አለቱ ሊነካት አንድ ክንድ ሲቀረው ቀጥ አለች። አቧራው አለፋቸው። ጀልባዋ አልወደቀችም።

ከኋላቸው ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ሹፌር አቁሞ ወረደ። ወፍራም፣ ላብ ያጠመቀው ሰው ነው። ተሳቢውን አንዴ ዞሮ አየውና ሞተሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «እናንተ ሰዎች፣ ክብደቱን ሁሉ ጅራቱ ላይ አድርጋችሁ ነው እንዴ የመጣችሁት? ወደ መኪናው ነው እንጂ የሚከብደው! ከኋላ ከከበደ እንዲህ ያስጨፍራችኋል። ያከራያችሁ ሰው አልነገራችሁም?» ወንድሟ ጫማውን ያያል። ሹፌሩ መልሱን ሳይጠብቅ ሞተሩን ለማንሳት አገዛቸው፤ ዕቃው ሁሉ ወደ ፊት ሄደ፣ የመኪናዋም ኋላ እንደገና ቁጢጥ አለ። መንገድ ላይ ቀስ በሉ ብሎ ሄደ።

አባትየው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለዋል። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ወደ ኋላ ያልኩት እኔ ነኝ። የኖርኩበት ሥራ ነው ብዬ… ውሃ ላይ እንዲያ ነው። የብስ ላይ እንዲህ መሆኑን በምን አውቄ? ልጆቼን ልጨርስ ነበር።»

«ምን ይደረግ አባባ» አለ ወንድሟ ትከሻቸውን እየዳበሰ። «ዕድሜ ነው። እኔም እኮ የምለው ይህንኑ ነው፤ አሁን ማረፊያዎ ነው።»

አባትየው አንገታቸውን ደፉ። ትንሿ ይህን አንገት ታውቀዋለች፤ ለነፋስ ያልተደፋ፣ ለገንዘብ ያልተደፋ አንገት ነው። ወንድሟ ገመዱን ሊያይ ከጀልባዋ ኋላ ሲሄድ ተከተለችው።

«ያከራየህ ሰው ነግሮህ ነበር?»

«ነግሮኝ ነበር» አለ ሳያያት። «ታዲያ አባባ ወደ ኋላ ሲሉ ምን ልበላቸው? ደስ ብሏቸው ነበር። ደግሞ የመኪናዋ ኋላ…»

«ሂድና ንገራቸው። ጥፋቱ የርስዎ አይደለም በላቸው።»

«ምን ለውጥ ያመጣል? እንዲያውም አንቺ፣ እንዲህ መሆኑ ይሻላል። ራሳቸው ይብቃኝ ካሉ የጀልባዋም ነገር ይቀልላቸዋል።»

ተናዳ አታውቅም ማለት አይቻልም፤ መድኃኒት ቤት ለሚሠራ ሰው ንዴት የዕለት ሥራ ነው። ይኼኛው ግን ሌላ ነበር። እግሯ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተናደደች። ሄዳ መኪናው ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋችው፤ ቀስ ብሎ እንዲዘጋ የተሠራ በር ስለሆነ ድምፅ እንኳ አላወጣላትም።

ትንሽ እንደሄዱ ተናገረች። ከኋላ ወንበር፣ የአባቷን ማጅራት እያየች፣ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ጀልባዋ ለቀለም እንደማትሄድ። ሎጅ ቤት ሣር ላይ ተቀምጣ አበባ እንደሚተከልባት። የጭነቱን ነገር ወንድሟ ያውቅ እንደነበር። ወንድሟ «ይሄ አሁን መኪና ውስጥ የሚወራ ነው? ገደል አፋፍ ላይ?» እያለ ሁለት ጊዜ ሊያቋርጣት ሞከረ። ስትጨርስ አባትየው ፊታቸውን አላዞሩም። እጃቸው የተቀመጡበትን አንሶላ ጫፍ ይዞ ማጠፍና መዘርጋት ጀመረ።

«አዙር» አሉ በመጨረሻ።

«አባባ፣ ቆይ አንዴ ላስረዳዎት…»

«አዙር አልኩህ።»

ወንድሟ መሪውን እንደያዘ ግራ ቀኙን አየ። በዚህ በኩል አለት፣ በዚያ በኩል ገደል። «የት ላዙር? መዞሪያ የለውም። በኋላ ማርሽም ቢሆን… ተሳቢ ይዤ ወደ ኋላ ሄጄ አላውቅም። መሪውን ወዲህ ስትይ እሱ ወዲያ ይላል» አለ፤ መጨረሻ ላይ የሚያወራው ለእህቱ ይሁን ለራሱ አልታወቀም። «እስከ ሎጁ ሜዳ የለም።» ስለዚህ ሄዱ። ሊመለሱ የሚፈልጉ ሰዎች ወደማይፈልጉት ቦታ ቀስ እያሉ፣ በየመታጠፊያው ጥሩምባ እየነፉ ሄዱ። ከቤት ከወጡ ጀምሮ ካለፉት መንገድ ሁሉ የረዘመባት ይህ የመጨረሻው ቁራጭ ነበር። አባቷ በመስኮት ሐይቁን ያያሉ፣ ወይም ሐይቁ ባለበት በኩል ያያሉ። ምነው ጮኸው በተሳደቡ ብላ ተመኘች። ዝምታቸው ለወንድሟም ለእሷም እኩል የተከፋፈለ ይመስል ነበር፤ እሷም ድርሻዋን ወሰደች።

የሎጁ በር በሰፊው ተከፍቶ ይጠብቃቸዋል። ሣሩ የተከረከመ ነው፤ በመሃሉ ሁለት ግንድ ተጋድሟል፣ ጎኑ ላይ ጥቁር አፈር ተቆልሏል፣ ችግኞች በፌስታል ተደርድረዋል። ቱታ የለበሰ አትክልተኛ የኤሌክትሪክ መብሻ ይዞ ቆሟል፣ ገመዱ እስከ ሕንፃው ድረስ ተዘርግቷል። ባለቤቱ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሳቂታ ሰው ነው። እጁን ዘርግቶ ወደ አባትየው መጣ። «እንኳን ደህና መጡ አባቴ! የጀልባዋ ጌታ እርስዎ ነዎት? ልጅዎ ስለርስዎ አውርቶ አይጠግብም። የክብር ቦታ ነው ያዘጋጀንላት፤ እንግዳ ሁሉ ፎቶ ይነሳባታል።»

አባትየው አፈሩን አዩት። መብሻውን አዩት፤ ለዚህ ዓይናቸው አልደከመም። ከዚያ የሰውዬውን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ፣ ጎንበስ ብለው፣ በሥርዓት።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አሉ። «ይቅርታ ያድርጉልን። ለመዞር ነው የገባነው።»

ሰውዬው ሳቀ። ማንም አብሮት ሳይስቅ ሲቀር ወደ ወንድሟ ዞረ። ወንድሟ ከመኪናዋ አንድ እግሩን አውጥቶ ቀርቷል። ፊቱ ላይ መጋረጃው፣ የሁለት ወር ምልልሱ፣ ለዚህች መኪና የሚከፍለው የየወሩ ዕዳ አንድ በአንድ ሲያልፍ አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘናት። አባቷ ልጃቸውን አላዩትም፣ አልለመኑትም፤ ሄደው ተሳቢው አጠገብ ቆሙ። ሥራው የሱ ነው። ከፈለገ ገመዱን ይፍታ።

«ትንሽ… ስሕተት ተፈጥሯል» አለ ወንድሟ። ድምፁ ከየት እንደመጣ እሱም አላወቀ። «አባቴን ሳላስፈቅድ ነው ቃል የገባሁልዎት።» ሰውዬው ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ለአትክልተኛው በእጁ «ተወው» የሚል ምልክት ሰጥቶ ወደ ሕንፃው ገባ።

መዞሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሆን አልሆነም። ወንድሟ ወደ ኋላ ሲል ተሳቢው ወደ ችግኞቹ ይታጠፋል፣ ሲያስተካክል ወደ አፈሩ ይሄዳል፤ ውዱ ሣር ላይ የጎማ ቦይ ተቆፈረ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ተሳቢውን ፈትተው በእጅ ለመግፋት ወሰኑ። አትክልተኛው መብሻውን አስቀምጦ መጣ፣ ትንሿ ጫማዋን አወለቀች፣ ወንድሟም የእሁድ ሸሚዙን እንደለበሰ ትከሻውን ጀልባዋ ላይ አደረገ። ከልጅነቱ ወዲህ ትከሻውን ሰጥቷት አያውቅም። አባቱ ከጎኑ ይገፋሉ።

«አንድ ቀን ደውለው አስከሬን ውሰድ እንዳይሉኝ ነው የፈራሁት» አለ ወንድሟ፣ እየገፋ፣ ሳያያቸው። «ሌላ ምንም አይደለም አባባ።» ዋሽቷል፤ ሌላም ነበር። ይህም ግን ነበር።

«እሱን ንገረኝ» አሉ አባትየው። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። «ሞትዎን ፈራሁ በለኝ። ዓይንዎ ጠፍቷል በለኝ፣ እቀበልሃለሁ። ቀለም አትበለኝ። እኔ ከነጋ ጀምሮ ቀለም ስመርጥ ነው የዋልኩት።»

ወንድሟ ግንባሩን እንጨቱ ላይ ደፍቶ ቆመ። ማልቀስ አለማልቀሱን ትንሿ አላየችም፤ ማየትም አልፈለገችም። ከዚያ ገፉ።

ሲመለሱ አባትየው ፊት ወንበር ላይ አልተቀመጡም። ከኋላ፣ ከእሷ ጎን ገቡ፤ ባዶው አንሶላ ፊት ለፊት ተነጥፎ ቀረ። ወንድሟ በስፖኪዮ ሁለቱን አየና ሞተሩን አስነሳ። ኮረብታው ላይ ደረሱ። ጀልባዋ ከኋላቸው በጸጥታ ትከተላለች፤ መኪናዋ ኋላዋ ቢወርድም ማንም አላነሳውም።

«ወደ ቤት ነው?» አለ ወንድሟ።

«ወደ ወደቡ። ውሃ ውስጥ ትደር።» ጥቂት ቆይተው፣ «ዓይኔ መድከሙን ማን ነገረህ?» አሉት።

ወንድሟ መሪውን አጥብቆ ያዘ። ሊመልስ ይችል ነበር፤ አልመለሰም። መንገዱን ብቻ አየ። ትንሿ ይህንን ውለታ ቆጠረችለት።

«እኔ ነኝ አባባ» አለች። «እኔ ነኝ የደወልኩለት።»

አባቷ ዞረው አዩአት። አጠገባቸው ሆና እንኳ ፊቷን ለማግኘት ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። ይህን ያህል መሆኑን ያኔ ነው ያወቀችው፤ አብሯቸው እየኖረች፣ ማዕድ እየቆረሰች፣ ይህን ያህል መሆኑን አላወቀችም። ሊቆጧት ነው ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች።

«እንግዲያውስ» አሉ፣ «ከነገ ጀምሮ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ያየሽውን ትነግሪኛለሽ። ድንጋይ ከሆነ ድንጋይ፣ ሰው ከሆነ ሰው።»

ነገ ሰኞ ነው። መድኃኒት ቤቱ አለ፣ ኃላፊው አለ፣ ዋና አለመቻሏ አለ። ይህን ሁሉ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች።

«በስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?» አለች።